የሳባ ባቡሮችና የዲኮደር ምርጫ

ከጻፍኩ ቆየሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ታመምሽ ወይ?» ብላችሁኛል። አልታመምኩም። ባቡር ስሠራ ነው የከረምኩት። እውነቴን ነው፣ ባቡር። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ባቡር።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት በስልክ ሳቀችብኝ። «በዚህ ዕድሜሽ መጫወቻ ጀመርሽ?» አለች። መጫወቻ ካላችሁት ይሁን። ዛሬ ልነግራችሁ የተነሳሁት ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ዕቃ መርጦ መግዛት እንዴት ራስ እንደሚያዞር፣ እኔም በምርጫዬ ተሳስቼ እንዴት እንዳፈርኩ ነው። ዕቃዋ ዲኮደር ትባላለች።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቴ በኩል ነው። ቂርያት ያም፣ እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ሽማግሌ አሉ። ጀርመን አገር ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደዚህ የመጡ ናቸው። የሕንፃው ልጅ ሁሉ «ሳባ» ይላቸዋል፣ እኔም ከልጆቹ ጋር ሳባ እላለሁ። በእብራይስጥ እንደምታውቁት አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ለ9 ዓመት ልጅም ለ90 ዓመት አዛውንትም «አታ» ነው። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ ምላሴ ይህንን አልለመደውም። እንግዲህ በአማርኛ ስጽፍ አንቱታቸውን መልሼላቸዋለሁ።

ሳባ ቤታቸው ውስጥ አንዱን መኝታ ክፍል ሙሉ በሙሉ ለባቡር ሰጥተውታል። ክፍሉን የሞላ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ተራራ፣ ድልድይ፣ ጣቢያ፣ ትንንሽ ሰዎች። መጠኑ «ኤች ኦ» የሚሉት ነው፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፣ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያሳዩኝ ደነገጥኩ። እኔ ባደግሁበት የጎንደር ገጠር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነበር። እናቴ «ባቡር ቤት ሂጂ» ስትለኝ እህሌን ተሸክሜ ነው የምሄደው። በሃዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው።

ለምን እኔን ጠሩኝ? እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እኔ ደግሞ 14 ዓመት በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ በማጉያ መነጽር ሥር ሽቦ ስበይድ የኖርኩ ነኝ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። ይህን ከልጄ ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆሙኝና «ሦስት ሎኮሞቲቭ አሉኝ፣ ዲጂታል ልታደርጊልኝ ትችያለሽ?» አሉ። ኩራት ያዘኝ። «ምን ችግር አለ!» አልኩ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያልገባኝን ላስረዳችሁ። በድሮው አሠራር፣ አናሎግ ይሉታል፣ ሃዲዱ ላይ ከ0 እስከ 12 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለቀቃል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል፣ ፕላስና ማይነሱ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀላል ነው። ችግሩ አንድ ሃዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ካለ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። በዲጂታሉ ግን ሃዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 18 ይሆናል። ኮረንቲው ፕላስና ማይነሱን በከፍተኛ ፍጥነት እየገለበጠ ይሄዳል፣ የመገልበጡ ርዝመት ራሱ መልእክት ነው፦ እያንዳንዱ ግማሽ 58 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ከሆነ «1»፣ 100 ከሆነ ወይም ከዚያ ከረዘመ «0»። በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ያለችው ዲኮደር ይህን ታዳምጣለች። ገበያ መሃል ስም እንደመጥራት ቁጠሩት። ሁሉም ይሰማል፣ ዞር የሚለው ስሙ የተጠራው ብቻ ነው። ስሙ እዚህ ቁጥር ነው፤ አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ትሰጡታላችሁ። የተጠራችው ዲኮደር ለሞተሩ የሚገባውን ያህል ኮረንቲ ትሰጣለች፣ መብራቱን ታበራለች።

የጀርመኑ ሌንዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሠራውን መሠረት አድርጎ የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ ለዚህ አሠራር የጋራ ደረጃ አወጣለት፤ ዲ ሲ ሲ ይባላል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ የሌላውን ፋብሪካ ዲኮደር ያዝዛል። ለእኛ ለመራጮቹ ትልቅ እፎይታ ነው። (ማርክሊን የሚባለው ግን የራሱ መንገድ አለው፤ በመሃል ሦስተኛ የኮረንቲ መስመር ያለው ሃዲድ ነው የሚጠቀመው፣ ቋንቋውም ሌላ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ዲኮደሮች ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ፣ ያገለገለ አሮጌ ስትገዙ ግን ጠይቁ።)

ሦስቱ ሎኮሞቲቮች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ቀይ ናፍጣ፣ ጀርመኖች ቪን ፋው ስለሚሉ «ፋው 200» ይባላል፤ እውነተኛው እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ፣ እያንዳንዳቸው 1,100 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች የተሸከመ ነው። ሁለተኛዋ ጥቁር የከሰል ባቡር ናት፣ ሟች ባለቤታቸው በሠርጋቸው 20ኛ ዓመት የሰጧቸው። ሦስተኛዋ አራት መንኮራኩር ብቻ ያላት፣ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የምትገፋ ትንሽዬ። ሳባ በጥቁሯ እንድጀምር ፈለጉ። «እሷ ትቅደም» አሉ፣ አልተከራከርኩም።

እንግዲህ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። የጥቁሯ ሞተር ያለው ከፊት ሳይሆን ከኋላ በምትጎትተው የከሰል ፉርጎ ውስጥ ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ የምትገባ ትንሽ ዲኮደር ፈለግሁ። ከሁሉ ትንሿን፣ ከሁሉም ርካሿን በስልክ አዘዝኩ። ሻጩ «ሞተሩ ስንት አምፔር ይስባል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ «ትንሽ ባቡር ነው» አልኩት። አያችሁ መልሴን!

ፖስታው መጣ። ዲኮደሯ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሆና ባለቀለም ሽቦዎች አሏት፤ ቀለሞቹ በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች አንድ ስለሆኑ ይሄ ሥራ ያቀልላል። ቀይና ጥቁሩ ከሃዲድ ኮረንቲ የሚቀበሉ ናቸው፣ ብርቱካናማና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፣ ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ መብራት፣ ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ ፕላስ። በየድኩ፣ ብየዳዬም አምሮ ነበር። ሃዲድ ላይ አቆምኳት። ሳባ መቆጣጠሪያውን ያዙ። መብራቱ በራ፣ ሳባ «አሃ!» አሉ። የአንድ ጣት ያህል ተራመደች። ከዚያ ሽታው መጣ።

ፋብሪካ የሠራ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ግን አልፏል። ሳባ ምንም አልተናገሩም። ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው መስኮቱን ከፈቱና «ሞተሩ ነው ወይስ ዲኮደሩ?» ብለው ጠየቁ። «አላውቅም» አልኩ። የሚስታቸውን ስጦታ አቃጠልኩ ብዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። 14 ዓመት የበየድኩ ሴትዮ!

በማግሥቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ሳባ ናቸው፣ በእጃቸው አሮጌ ቴስተር ይዘዋል። «ነይ፣ እንለካ» አሉኝ።

ለክተን ያገኘነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አንዳችሁ ለልጃችሁ ይህን ልትሠሩ ትችላላችሁ። በአሮጌ ሞተሮች፣ በተለይ በዚያ ዘመን የፍላይሽማን ዓይነቶች ላይ፣ ከሁለቱ የሞተር ካርቦኖች አንደኛው በቀጥታ ከብረት ሻንሲው ጋር ይገናኛል፣ ሻንሲው ደግሞ በአንድ ወገን ካሉት መንኮራኩሮች ጋር። በአናሎግ ጊዜ ይህ ብልሃት ነበር፣ ሽቦ ይቆጥባል። በዲጂታል ግን ሞተሩ ኮረንቲ መቀበል ያለበት ከዲኮደሩ ብቻ ነው። የሃዲዱ ኮረንቲ በሻንሲው በኩል በጓሮ በር ገብቶ የዲኮደሯን የሞተር መውጫ መታት። ስለዚህ ማንኛውንም ዲኮደር ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተሩን አንሱ፤ ከሁለቱም የሞተር ጫፎች ወደ ሁሉም መንኮራኩሮችና ወደ ሻንሲው ምንም መገናኘት መኖር የለበትም። የሚገናኝ ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን መነጠል ነው። እኛ የካርቦን መያዣውን ኮረንቲ በማያሳልፍ የፕላስቲክ ቀየርነው።

ሁለተኛው ስህተት አምፔሩ ነበር። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩን በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ላይ አድርጋችሁ ቴስተሩን በመሃል ታስገባላችሁ። ባቡሩ በነፃ ሲሄድ ያነባችሁትን ጻፉ። ከዚያ መንኮራኩሩን በጣት አንቃችሁ አስቁሙት፣ ለአንድ ሰከንድ ብቻ፣ ሞተሩ እንዳይግል። ያኔ የምታዩት ቁጥር ነው ዋናው፣ ምክንያቱም ባቡሩ አንድ ቀን ተራራ ላይ ወይም ከሃዲድ ወጥቶ መታነቁ አይቀርም። ጥቁሯ ስትሄድ 0.4፣ ስትታነቅ 1.3 አምፔር ሳበች። (ሞተሩ ደህና እንደሆነ ያወቅነውም ያኔ ነው፣ ተመስገን።) የገዛኋት ዲኮደር ግን ከግማሽ አምፔር ትንሽ በላይ ብቻ የምትችል፣ ከኤች ኦ ለሚያንሱ ባቡሮች የተሠራች ነበረች። ሞተሩን ነጥዬው ቢሆን እንኳ ውላ አድራ መቃጠሏ አይቀርም ነበር። አዲሷን 1 አምፔር ያለማቋረጥ፣ 2 አምፔር ደግሞ ለቅጽበት የምትችል መረጥን። ትንሽ ትሰፋለች፤ የከሰል ፉርጎዋን የእርሳስ ክብደት በሞረድ ፍቄ ቦታ አበጀሁላት። ቦታን በሞረድ ማስፋት ይቻላል፣ የሞተሩን አምፔር ግን በሞረድ አትቀንሱትም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን። የአሮጌ ሞተር አካሄድ ይንገጫገጫል። ጥሩ ዲኮደር ለሞተሩ የምትሰጠውን ኮረንቲ በየቅጽበቱ ታቋርጥና ሞተሩ በመሽከርከሩ ራሱ የሚያመነጨውን ቮልት ታነባለች፣ ከዚያም ፍጥነቱ ሲቀንስ ትጨምርለታለች፣ ዳገትም ቢሆን እኩል ያስኬዳል። ይህ ነገር በአብዛኞቹ የዛሬ ዲኮደሮች ላይ አለ፤ ለአሮጌ ሞተር ግን ልኩን ለማስተካከል የሚፈቅድላችሁን ምረጡ።

አዲሷን ደግሞ በቀጥታ ዋናው ሃዲድ ላይ አላቆምኳትም። መቆጣጠሪያው ለብቻው «የፕሮግራም ሃዲድ» የሚባል መውጫ አለው፤ እዚያ ላይ የሚለቀቀው ኮረንቲ በጣም የተገደበ ስለሆነ ሽቦ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ ዲኮደሩ ለመቃጠል ጊዜ አያገኝም። ቁጥሯን ጠየቅናት፣ «3» ብላ መለሰች። በመጀመሪያው ቀን ይህችን ብቻ ባደርግ ኖሮ!

የተቃጠለችውን ልክፈል ብዬ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ዳቦ ደፍቼ ወሰድኩላቸው፣ ዳቦውን ተቀበሉ።

ስለ ድምፅ የተነጋገርነውም ያኔ ዳቦውን እየበላን ነው። ሳባ ከመጀመሪያው ለቀዩ ባለ ድምፅ ዲኮደር እንፈልግ ይሉ ነበር፣ እኔ ደግሞ እሟገታቸዋለሁ። ድምፅ አልባው ከ30 እስከ 50 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ባለ ድምፁ ከ100 ዩሮ በላይ። ጡረተኛ ናቸው፣ ገንዘባቸውን ለጩኸት ለምን ያወጣሉ? ደግሞም አንዷን ያቃጠልኩ ሰው ነኝ፣ ያንን ያህል ውድ ዕቃ ልይዝ ፈራሁ። «ሳባ፣ ይቅርብዎ፣ ባቡሩ ያው ባቡር ነው» አልኳቸው።

እሳቸውም ዳቦውን አስቀምጠው «መሃሉን አላይም» አሉኝ። አልገባኝም። «ዓይኔ ነው። ዳር ዳሩን አያለሁ፣ መሃሉ ጠፍቷል። ባቡሩ ድልድዩን ሲያልፍ የት እንዳለ አላውቅም» አሉ።

ግድግዳውን እየዳበሱ መስኮት የከፈቱበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ስንት ሳምንት አብሬያቸው ተቀምጬ አላስተዋልኩም! እኔ ዲኮደርን የምመርጠው በዋጋና በስፋት ነበር፤ ሳባ የሚመርጡት ባቡራቸውን ሳያዩ እንዲያውቁት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አልተናገርኩም።

ለቀዩ ለመግዛት አብረን ወደ አንድ ሱቅ ሄድን። ሻጩ የሚያወራው ከሳባ ጋር ብቻ ነው። እኔን መታፔለታቸው፣ ተንከባካቢያቸው አድርጎ ነው ያየኝ። «ወንበር አምጪላቸው» አለኝ። አመጣሁ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መቀመጥ አለባቸው። ሳባ ሊናገሩ ሲሉ በዓይኔ ጠቀስኳቸው (አላዩኝም መሰለኝ)፣ ከዚያ ሰውየውን «የዚህኛው ያለማቋረጥ ስንት አምፔር ነው? ስፒከሩስ 4 ኦም ነው 8?» ብዬ ጠየቅኩት። ዞር ብሎ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ ለእኔም ወንበር መጣ።

የቀዩ ምርጫ ቀላል ነበር። ሮኮ የሠራው ስለሆነ ውስጡ 8 እግር ያለው ሶኬት ተዘጋጅቶለታል፤ መሸፈኛውን ነቅሎ ዲኮደሩን መሰካት ብቻ ነው። ገልብጣችሁ ብትሰኩት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ መብራቱ አይሠራም፣ ወደ ፊት ስትሉት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያኔ ታውቃላችሁ። የዛሬዎቹ ሎኮሞቲቮች ግን ሌላ ሌላ ሶኬት ነው ያላቸው፣ 21 እግር ያለው፣ ፕሉክስ 22፣ ለትንንሾቹ 6 እግር ወይም ኔክስት 18። የሎኮሞቲቩን ወረቀት አይታችሁ እሱኑ እዘዙ፣ ሌላ ብልሃት የለውም።

የድምፁ ግን ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ የተቀዳው ድምፅ የዚያው ሎኮሞቲቭ መሆኑን አረጋግጡ፤ ባዶ ዲኮደር ገዝታችሁ ሻጩ የሚጫንበትን መሣሪያ ከሌለው ችግር ላይ ናችሁ። ሁለተኛ ቦታ፤ ባለ ድምፁ ብዙውን ጊዜ 30 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በተጨማሪም ስፒከሩ አለ። ሦስተኛ ስፒከሩ ራሱ፤ ኦሙ ዲኮደሩ ከሚፈቅደው ጋር ካልተስማማ ዲኮደሩ ይጎዳል፣ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ካልተቀመጠ ደግሞ ድምፁ እንደ ንብ ይሆናል። የስኳር ኩብ የሚሏቸው ትንንሾች አሉ፣ ከትንሽነታቸው ጋር ሲነፃፀር የሚገርም ድምፅ አላቸው። እኛ ለቀዩ ሰፋ ያለ ስፒከር አገኘንለት፤ ሳጥኑ አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን አሸግኩት።

መጀመሪያ ስናስነሳው ሳባ ብቻ አይደሉም የተነኩት። ሞተሩ ሲነሳ ያንኳኳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ይረጋል። ወዳጆቼ፣ የእኛ አገር ወፍጮ ነው! ከወንዝ ማዶ ሲሰማ «ባቡሩ ተነሳ፣ ቶሎ በሉ፣ ወረፋ ይያዛል» የሚያስብለን ያ ድምፅ። ለሳባ ነገርኳቸው። እህል የሚፈጭ ባቡር መኖሩን ሰምተው በጣም ተደነቁ፤ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደነበረው ጠየቁኝ፣ እኔ ምን አውቄ!

ትንሽዬዋን ግን አልነካናትም። አራት መንኮራኩር ብቻ ስላሏት አቧራ ባገኘች ቁጥር ኮረንቲ ይቋረጥባታል፤ እዚህ ደግሞ የባሕሩ አየር ሃዲዱን ቶሎ ያቆሽሸዋል፣ ሳባም እንደ ድሮው አይጠርጉም። ለእንዲህ ዓይነቷ የሚያስፈልገው ለአፍታ ኮረንቲ የሚያስቀምጥ ካፓሲተር የሚቀጠልበት ዲኮደር ነው። ዲኮደሩ ይገባል፣ ካፓሲተሩ ግን የሾፌሩን ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሞላዋል። ሳባ በጣታቸው ውስጧን ዳበሱና «ሾፌሯን አናባርረውም» አሉ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች።

ከዚያ ማስተካከያው ቀረ። በእያንዳንዱ ዲኮደር ውስጥ ሲ ቪ የሚባሉ ቁጥር ያላቸው ትንንሽ መሳቢያዎች አሉ በሉ፤ በየመሳቢያው አንድ ቁጥር ይቀመጣል። በ1ኛው የሎኮሞቲቩ ስም፣ በ2ኛው የመነሻ ቮልት፣ በ3ኛው ስንት ጊዜ ወስዶ እንደሚፈጥን፣ በ4ኛው ስንት ጊዜ ወስዶ እንደሚቆም፣ በ5ኛው ከፍተኛው ፍጥነት። ስትገዙ እነዚህን ለመቀየር የሚያስቸግር ወይም መመሪያው የማይገባችሁን አትግዙ፤ የእኛው መመሪያ በጀርመንኛ ነበር፣ እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራሁላቸው ሳባ ይተረጉሙልኝ ነበር።

በ4ኛው ላይ ተጣላን። እኔ ዓይናቸው ደካማ ነው ብዬ ቁጥሩን ዝቅ አደረግሁት፣ ቁልፉን ሲመልሱ ባቡሩ ወዲያው ቀጥ እንዲል። ለደኅንነቱ ነበር። ሳባ ግን ተቆጡ። «ባቡር እንደ ፍየል አይቆምም! ጨምሪው» አሉኝ። ጨመርኩ። «ጨምሪ» አሉ። የሰከንዱ ስሌት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ እየሞከርን ነው የሄድነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ነው።

ቀዩ በተራራው ውስጥ ገብቶ ድምፁ ታፈነ። ሳባ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዋሻው ሲወጣ ድምፁ ተከፈተ፣ ያኔ ቁልፉን ወደ ዜሮ መለሱና በጀርመንኛ መቁጠር ጀመሩ፤ «አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ...»። ሞተሩ እየዘቀጠ፣ ፍሬኑ እየጮኸ፣ ባቡሩ በድልድዩ ላይ አልፎ ወደ ጣቢያው መጣ። «ኤልፍ» ሲሉ ቆመ።

«የት ነው የቆመው?» አሉኝ።

«ጣቢያው በር ላይ» አልኩ።

«አልፏል ወይስ አላለፈም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «የግማሽ ጣት ያህል አልፏል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከፍተኛውን ፍጥነት ትንሽ ቀንሺው» አሉና ቀዩን ወደ ዋሻው መለሱት።

ሻባት ሊገባ ስለነበር ሦስት ጊዜ ብቻ ሞከርን፣ በሦስተኛው በሩ ላይ ልክ ቆመ። የጥቁሯን ድምፅ ገና አልገዛንላትም፤ ሳባ ለበዓሉ እንግዛላት ይላሉ፣ የከሰል ፉርጎዋን ደግሜ ልሞርድ ነው ማለት ነው። ቸር ሰንብቱ።